አልወርድ ያለው ሚኒሞ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ነገ እናቴን ለጉልበቷ ወንዛዬ ፍል ውኃ ላደርሳት ነው። አሮጌዋ መኪናዬ ግን ሚኒሞዋ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ልክ፣ ከፍ ብሎ ራሷ ትጮኻለች። ትናንት ከከብት ኋላ ቀስ ብዬ ልሂድ ብል ወደ ፊት ትገፋኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የሚኒሞዋን ብሎን ሳጠብቅ ሳላላ ሰነበትሁ።

ዛሬ ወረታ ያለው መካኒክ ከሞተሩ ላይ የተሰነጠቀ ቱቦ አሳየኝ። «በዚህ አየር እየሳበች ነው፤ ብሎኑ ምን አደረገህ?» አለኝ። ቱቦውን ቀይሮ ብሎኑንም ወደ ቦታው ሲመልሰው ሚኒሞው ወረደ።

ቤት ከገባሁ ወዲህ ግን ሦስት ጊዜ ወጥቼ፣ አስነስቼ አዳመጥኋት። እናቴ ከውስጥ ሆና፣ «መኪናዋስ አርፋለች፤ አንተም አርፈህ ተቀመጥ» አለችኝ።

ተቀመጥሁ። ቀኝ እግሬ ግን አሁንም ነዳጅ ይረግጣል።