የሦስት ወር ዋስትና፦ የአቶ አብዱሰላም ሐሚድ የሕይወት ታሪክ

አቶ አብዱሰላም ከአባታቸው ከሼህ ሐሚድ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ከድጃ እንድሪስ በ1947 ዓ.ም. ወሎ፣ ሐይቅ አጠገብ ተወለዱ። ቁርኣን ከአባታቸው፣ ዘመናዊውን ትምህርት ደሴ ተምረው፣ በ1971 ዓ.ም. በሕግ ተመረቁ። በ1975 ዓ.ም. ወይዘሮ ረሺዳን አግብተው ሁለት ልጆች ወለዱ። የዓለም አቀፍ ንግድ ጠበቃ ሆነው ከሃያ ዓመት በላይ የሰሊጥና የቡና ውል ሲጽፉ ኖሩ። ገዢው ዕቃው ካልጣመው እንዲመልስ የሚፈቅደውን አንቀጽ የሚያሳምሩት እሳቸው ነበሩ።

በ1997 ዓ.ም. የምክር ቤት አባል ሆኑ። በ2001 ዓ.ም. ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳውዲ የሚሄዱ ልጆች የሚፈርሙት ውል እጃቸው ገባ። «የሦስት ወር ዋስትና» የሚል አገኙበትና ደስ አላቸው። የመረጣቸውን ሰው አዳራሽ ሰብስበው «እኔ አንብቤዋለሁ፤ ዋስትና አላችሁ፤ ሂዱ» አሉ። ዋስትናው ለማን እንደሆነ አላዩም። የውል ሰው ነበሩ፤ ማየት ነበረባቸው። የእህታቸው የወይዘሮ ሰዓዳ ልጅ ራሕመት ይህን ቃል አምና ሄደች።

በአምስተኛው ወር ከመካ ደወለች። «አጎቴ፣ ዋስትናው ለማዳም ነው እኮ። ካልተመቸኋት ለአስቀጣሪው ቢሮ ትመልሰኛለች፤ ሌላ ይሰጣታል። ይኼ ሦስተኛ ቤቴ ነው» አለቻቸው። አቶ አብዱሰላም ውሉን አውጥተው እንደገና አነበቡት። ለሰሊጥ ገዢ ሲጽፉት የኖሩት አንቀጽ ነበር።

የምክር ቤት ዘመናቸው ሲያበቃ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ ራሕመትን ሊያወጡ ጅዳ መጡ። የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ኢቃማቸው ላይ «የቤት ሹፌር» ተብሎ ተጻፈ፤ መኪና መንዳት ግን አያውቁም። ወደብ ላይ ለዕቃ አስለቃቂዎች ወረቀት እየጻፉ፣ በየሳምንቱ ዓርብ ራሕመት ወዳለችበት የመካ ሰፈር፣ ዓዚዚያ ተመላለሱ። ከፊሏ፣ ቪዛዋን ያወጣው አሠሪዋ፣ የመውጫ ፈቃዷን አልፈርምም አለ። «አንተ ማነህ?» ሲላቸው «ጠበቃ ነኝ» አሉት። ኢቃማቸውን አየና ሳቀ፤ «ሹፌር ነህ። ኸላስ፣ ሂድ።» ራሕመትን በበር ስንጥቅ ዓፍው ለመኗት። «መጀመሪያ ያውጡኝ፤ ይቅርታውን ያኔ እናወራለን» አለቻቸው።

ሁለት ዓመት በኩላሊት ሕመም ሲማቅቁ ቆይተው፣ ግንቦት 9 ቀን 2008 ዓ.ም. እዚሁ ጅዳ፣ ሂንዳዊያ በሚገኘው ክፍላቸው በ61 ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄዱ። ራሕመት ለቀብር እንድትመጣ ተለምኖ ነበር፤ ማዳም ከልክላለች። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና እህታቸው አገር ቤት ሆነው ያለቅሳሉ።

ቀብር ላይ ሐቅ ያለው ሁሉ ይቅር እንዲል ይጠየቃል። በአቶ አብዱሰላም ቃል ተማምናችሁ የመጣችሁ እህቶች፣ ዓፍው እንድትሏቸው ቤተሰቡ ይለምናችኋል። የራሕመትን ግን ማንም በእሷ ስም አይበል፤ ገና አልወጣችም። አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ እሷንም ያውጣት።