የወልዴ በርኖስ

ጥቅምት ፬፣ ጠዋት

ዛሬም ጎህ ሳይቀድ ነቃሁ። መርዶ የሚነገረው በዚያ ሰዓት ነውና ደጁን አዳመጥሁ። ኮቴ ተሰማ፣ አልፎ ወደ አፍንጮ በር ሄደ። ወደ እኛ የመጣ የለም። ተነሥቼ እሳት አያያዝሁ። ባሌ ወልዴ ለንግድ ጅማ ወርዶ ወሬው ከጠፋ ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ማስታወሻዬ፣ ይህን ደጋግሜ ነግሬሃለሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ጥቅምት ፯

ነጋዴው ሰይድ ከጅማ ገባ። የወልዴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ደስታ አራዳ ገበያ አግኝተው ቤት ድረስ ይዘውት መጡ። ወልዴን አይተኸዋል ወይ አሉት። አላየሁትም አለ። ጋሽ ደስታ ራሳቸውን ያዙ፤ ለእሳቸው ወንድማቸው ሞቷል፣ አበቃ። እኔ ደግሞ መቃብሩንስ አየህ፣ ሲሞት አየሁ የሚል ሰውስ አገኘህ ወይ አልሁት። ያንንም የለም አለ። ጋሽ ደስታ የፊተኛውን መልስ ይዘው ሄዱ፣ እኔ የኋለኛውን ይዤ ቀረሁ። ሰይድ የሰጠሁትን ውኃ እንኳ ሳይጨርስ ወጣ። አሳዘነኝ።

ጥቅምት ፱፣ ከሰዓት

እሑድ ለቅሶ ይቀመጥ ብለዋል ጋሽ ደስታ። ሬሳ ስለሌለ ልብሱ ወጥቶ ይለቀስበታል። ሣጥን ውስጥ ያለውን ጥቁር በርኖሱን አዘጋጂ አሉኝ። የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድሁ። ያለ ምስክር ፍትሐት አላደርግም፣ ለቅሶውን ግን አልከለክልም አሉ። ስመለስ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆምሁ። ወንዙ ጎድሏል። ምንም አልተሰማኝም።

ጥቅምት ፲

ልጄ አልማዝ ነገ ድንኳን የሚተከለው ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አጎትሽ ያሉትን ይበሉ፣ አባትሽ አልሞተም አልኋት።

«እንግዲያው አለ በይኛ፣ እማዬ» አለች።

አፌን ከፈትሁ። አልወጣ አለኝ። ሞቷል ሲሉኝ ለመካድ ጊዜ አይፈጅብኝም፤ አለ ለማለት ግን የምቆምበት መሬት የለኝም። እስከ ዛሬ አንዱን ስክድ ሌላውን ያመንሁ ይመስለኝ ነበር። ለካ አላመንሁም። አልማዝ ጠብቃ ጠብቃ ወጣች። ማልቀስ ነበረብኝ። ተቀምጬ በርበሬ ቀነጠስሁ።

ጥቅምት ፲፩፣ ቅዳሜ

ድንኳኑ ደጃችን ተተከለ። ጋሽ ደስታ ብቅ ብለው በርኖሱን ጠየቁ። ሣጥኑ ላይ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። ነገ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ከለቀስተኛው ጋር እወጣለሁ። ማልቀስ የፈለገ ያልቅስ። በርኖሱን ግን አልሰጥም።

ይመጣል ብዬ አይደለም።