ካሊና የወደቀችበት ፈተና

ውድ ቫልዴክ፣

ካሊና ወድቃለች። በስልክ ያልነገርኩህ «እሰይ» ትል ይሆናል ብዬ ስለፈራሁ ነው። ብትል ኖሮ ይቅር የምልህ አይመስለኝም።

ትምህርት ቤት በነበረችባቸው ዓመታት አንዲት ቃል ከአፏ ሳይወጣ ልጆቹ «ዓሣዋ» እያሉ ሲጠሯት፣ በየማለዳው የቁርሷን ወተት ስታስመልሰው አብረን አይተናል። እቤት እንድናስተምራት ፈቃድ ያወጣነው አብረን ነው። እኔ የፖስታ ቤት ሥራዬን ለቀቅሁ። ያንተ ደሞዝ ብቻውን አልበቃ ሲለን አንተ ጣሪያ ልትሠራ ድንበር ተሻግረህ ዶርትሙንድ ሄድክ። እሷን ቤት ለማስቀመጥ ብለን አንተን ከቤት አወጣንህ።

እንዳንከተልህ ደግሞ እዚያ ልጅን እቤት ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነው። እዚህ አገራችን ሱቫውኪ ይፈቀዳል፤ ግን በየዓመቱ መምህራን ፊት ቀርባ መፈተን አለባት፤ አንዱን ትምህርት ከወደቀች ፈቃዱ ይነሳል። እናትህ ይህን ሁሉ ስነግራቸው አይገባቸውም። «ልጅቷን ለክረምት በጨው እንደሚቀመጥ ጎመን ጓዳ ከተሽ ልታኮመጥጫት ነው?» ይሉኛል። «እማማ፣ ጎመን በየማለዳው አያስመልሰውም» አልኳቸው አንድ ቀን። ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ።

ለፋሲካ መጥተህ ወጥ ቤት እንቁላል ስንልጥ ያልከኝን ታስታውሳለህ። «ካለፈች እሺ፣ እዚሁ ቆዩ። ከወደቀች ግን ትምህርት ቤት መግባቷ ላይቀር፣ እኔ ጋ መጥታችሁ ትግባ። ብቸኝነቱ ገደለኝ፣ ዶሮታ።» እሺ አልኩህ። ካሊና ግቢ ውስጥ ያለች መስሎን ነበር።

የጽሑፍ ፈተናዎቹን በሙሉ አለፈች። የመጨረሻው የባዮሎጂ የቃል ፈተና ነበር፤ እኔም ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። ካሊና ያወጣችው የጥያቄ ዕጣ ዓሣ ውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚተነፍስ የሚጠይቅ ነው። ሳቄ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው። ለገና የገዛነውን ዓሣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ እየገለጠች ስታስረዳን ቢላዋ እንደያዝክ ቆመህ «ፕሮፌሰር፣ ቶሎ ጨርሺና እንብላው» ያልካት ልጅ ናት እኮ።

ዝም አለች። በቀደሙት ዓመታት በሹክሹክታም ቢሆን ትመልስ ነበር። መምህራኑ ደጎች ናቸው፤ ችግሯን ያውቃሉ። አንዷ ውሃ ቀዳችላት። ሌላው ወረቀት አቀረበላትና «ጻፊው የኔ ቆንጆ፣ እሱም ይበቃናል» አላት። ካሊና ወረቀቱን ቀስ ብላ ወደ እሱ መለሰችው። ያኔ ደነገጥኩ። ጉሮሮዋ ይዘጋል እንጂ እጇ ተዘግቶ አያውቅም።

አውቶቡስ ስንጠብቅ ጠየቅኳት።

«መልሱን ታውቂው የለ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ነካሽ?»

«ከወደቀች ትመጣላችሁ ብሏል አባዬ። በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ሰማሁት።»

«ትምህርት ቤት እኮ ትገቢያለሽ፣ የኔ ልጅ። ያውም በማታውቂው ቋንቋ።»

«አውቃለሁ። አባዬ ግን ብቻውን ነው የሚበላው።»

መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ ቫልዴክ። በእኔም በአንተም ተናደድኩ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች መወሰን ያቃተንን ነገር ለአንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ፈተና አሸክመን ተቀመጥን። እሷም ተሸከመችው። ተመልሼ ለመምህራኑ ልንገር ብዬ ነበር፤ እጄን ይዛ አልለቀቀችኝም።

ስለዚህ እንመጣለን። ለአልጋዋ መስኮት ያለበትን ክፍል አዘጋጅላት። ባቡር ጣቢያ ስትቀበለን ስለ ፈተናው አንዲት ቃል እንዳትናገር፤ ይህን መጻፌንም አታውቅም። አንድ ነገር ግን ቃል ግባልኝ። ትምህርት በሚጀመርበት ቀን ከሥራ ፈቃድ ውሰድ። እስከ በሩ የምታደርሳት አንተ ነህ። እኔ ያን መንገድ ሄጄበታለሁ፤ ሁለተኛ አልችልም። በሩ ጋ ስትደርሱ እጇ እጅህ ውስጥ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ አንተም እወቀው።

እስከዚያው ደህና ሁንልን።

ዶሮታ