የጋሽ መኩሪያ ለቅሶ እና የፊኒክስ ሙቀት

ለክቡር አቶ ዓለምሰገድ፣ የማኅበራችን ሬዲዮ የዜና ክፍል ኃላፊ፤
ቶተንሃም

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልሁ፣ ያ ጥርት ያለ ድምፅዎ እንዲሰነብትልን እመኛለሁ። እኛ የጎረቤት ሰፈር የኤድመንተን አድማጮችዎ ከብርዱ በስተቀር ደህና ነን፤ ብርዱንም ያወቅነው በመስኮት እንጂ በሬዲዮዎ አይደለም።

የባለቤትዎ ወንድም አሜሪካ፣ ፊኒክስ ከተማ ቤት ከገዙ ወዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያነቡልን ዜና የዚያው ከተማ ሆኗል። ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ተቃጥሎ ከአመዱ በሚነሣ ወፍ ስም እንደተጠራች፣ የጥንት ሰዎችም በረሃውን በቦይ እንዳጠጡት በቃላችን ይዘናል። የሰፈራችን አውቶቡስ መስመር መቀየሩን ግን የሰማነው ፌርማታው ላይ ደርቀን ከቆምን በኋላ ነው። ይሁን፣ እግራችን ተፍታታ።

ቅሬታዬ የሚከተለው ነው።

፩ኛ፤ እማማ ብፅዓት በጥቅምት ብርድ እርስዎ በሬዲዮ «ሙቀቱ ይበረታልና ውኃ ሳትይዙ እንዳትወጡ» ሲሉ ሰምተው፣ ካፖርታቸውን ጥለው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እስካሁን ያስላቸዋል። እርስዎን ግን አልተቀየሙም፤ ሬዲዮ አይዋሽም ባይ ናቸው።

፪ኛ፤ ለዚህ ሬዲዮ የመጀመሪያውን ማይክሮፎን ገዝተው የሰጡት ጋሽ መኩሪያ ዐረፉ። ባለቤታቸው እትዬ ሸዋረጋ የቀብሩን ማስታወቂያ በእጅዎ ሰጡ። እርስዎም ቅዳሜ የፊኒክስ ባቡር ሐዲድ በየት በየት እንደሚያልፍ ተንትነው ሲያበቁ፣ ሰዓት አለቀብን ብለው ተሰናበቱ። የጋሽ መኩሪያን ሬሳ የሚሸከም ጠፍቶ የቀብር ድርጅቱ ሠራተኞች ተሸከሙት። እኔ ራሴ ከቀብር በኋላ ነው የሰማሁት፤ አፈርሁ፣ ተናደድሁም። እትዬ ሸዋረጋ በሐዘን ላይ ሆነው ሬዲዮ አልከፈቱም ነበርና፣ አልሰማንም ብንላቸው አያምኑንም። በሬዲዮ ተነግሮ እንዴት አይሰማም እያሉ፣ ምን በድለን ነው ሰው የጠላን ብለው ያለቅሳሉ።

፫ኛም ነበረኝ፤ ይህን ስጽፍ ጠፋኝ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከፊኒክስ ጉዳይ ፋታ ሲያገኙ፣ እትዬ ሸዋረጋ ቤት ብቅ ብለው ያላነበብሁት እኔ ነኝ ይበሏቸው። እኛ ብንነግራቸው እርስዎን ለማሳጣት የምንዋሽ መሰላቸው።

ለፊኒክስ ከንቲባና ለመላው ነዋሪዋ ሰላምታዬን እንዲያደርሱልኝ በትሕትና እየጠየቅሁ፣ በማላውቃት ከተማ መንገድ የማይጠፋኝ፣ በሰፈሬ ግን ለቅሶ ያመለጠኝ አክባሪዎ፣

ኂሩት፣ ከኤድመንተን

ማስታወሻ፦ ድንገት እኔም የሞትሁ እንደሆነ፣ እባክዎ ፊኒክስ ውስጥ ሞተች ብለው ያንብቡልኝ። ያኔ ቶተንሃም በሙሉ ለቀብሬ ይደርሳል።