መቀስና ሐረግ፦ የጋሼ ልኩ የሕይወት ታሪክ

ደንበኞቻቸው ሁሉ «ጋሼ ልኩ» እያሉ የሚጠሯቸው ፀጉር አስተካካይ፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1945 ዓ.ም. ተወለዱ። ወሩን በተመለከተ እርሳቸው የሚሉትና ታላቅ እህታቸው የሚሉት አልስማማ ስላለ፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው የመጀመሪያ ልጃቸው ሁለቱንም ትታ ዓመቱን ብቻ ጽፋለች።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ ያልገፉት ሰነፍ ሆነው አልነበረም። የክፍል ጓደኞቻቸውን ፀጉር በአባታቸው የጨርቅ መቀስ ሲቆርጡ ተይዘው ሁለት ጊዜ ከተባረሩ በኋላ፣ አባታቸው «እንግዲያውስ ሥራህን መርጠሃል» ብለው ፀጉር ቤት አስገቧቸው። በ1966 ዓ.ም. የራሳቸውን ፀጉር ቤት ከፈቱ፤ ታናሽ ወንድማቸውንም ሙያውን አስተምረው አጠገባቸው አቆሙ። ቆርጠው ሲጨርሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው «ልኩ ይሄ ነው» ስለሚሉ ቅጽል ስሙ በዚያው ወጣላቸው።

ችግሩ፣ ልክ የሚያወጡት ለፀጉር ብቻ አለመሆኑ ነበር። የመጋረጃ ክር፣ የምንጣፍ ዘርፍ፣ የልጆቻቸው የጫማ ማሰሪያ፣ ብቻ ረዘም ያለ ነገር ካዩ ያቁነጠንጣቸዋል። በቤቱ ውስጥ ከመቀሳቸው ያመለጠ ነገር አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1971 ዓ.ም. ከውድ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው ከእናታቸው ቤት ይዘው ከመጡት ዕቃ ሁሉ አብልጠው የሚሳሱት፣ በውሃ ብርጭቆ ውስጥ ሥር ላወጣች አንዲት የሐረግ ቁራጭ ነበር። ቅጠሏ ሰም የተቀባ የሚመስል፣ አበባዋ እንደ ትንንሽ ኮከብ ተሰብስቦ ወደ ታች የሚንጠለጠል፣ ሲመሽ ቤቱን በመዓዛ የምትሞላ ሐረግ ናት። የባለቤታቸው እናት ብዙም ሳይቆዩ ስላረፉ፣ ከእርሳቸው የቀረችው ማስታወሻ ይህችው ሆነች። በ1974 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸው በተወለደችበት ዓመት ሐረጓ አበበች። አበባው ሲረግፍ ደረቅ ጉቶ ቀረ። ጋሼ ልኩ ጉቶውን አይተው አላስቻላቸውም፤ ቆረጡት።

ከዚያ በኋላ ሐረጓ እምቢ አለች። ባለቤታቸው የቤቱን ጨለማ አማረሩ፤ «እናቴ ቤት አንድ ዓመት ዘላ አታውቅም፤ እዚህ ምን አገኛት?» ባሉ ቁጥር ጋሼ ልኩ መላ ፍለጋ ይነሡ ነበር። አፈሯን ቀየሩ። የተተከለችበትን ሸክላ ቀየሩ። በመጨረሻም ግንበኛ ጠርተው መስኮቱን አሰፉ፤ በዚህ የተነሳ ከጎረቤታቸው ጋር ዓመት ያህል ተኳርፈዋል። ይህን ሁሉ ለፍተው ሲያበቁ፣ እሑድ በመጣ ቁጥር መቀሳቸውን አንስተው ከሐረጓ ላይ ቅጠል የሌለውን ተንዘላዛይ ጫፍ ሁሉ ይከረክሙና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ።

ባለቤታቸው ደግሞ የተከረከመውን ከወለል ለቅመው፣ ከአንጓው በታች አስተካክለው ውሃ ውስጥ ያኖሩታል፤ ሥር ሲያወጣ ለጎረቤትና ለዘመድ ያድሉታል። የተሰጠው ቤት ሁሉ አበበ። የሚያናድደው ይሄ ነው። ደንበኞቻቸው ወንበሩ ላይ ተመቻችተው «ጋሼ፣ ያቺ ከእናንተ የወሰድናት ዘንድሮ ጉድ አሰኘችን፤ የእናንተስ እንዴት ናት?» ሲሏቸው፣ ጋሼ ልኩ ቶንዶዙን አስነስተው ያልሰሙ ይመስሉ ነበር። መከርከማቸውን ለማንም አንስተው አያውቁም። ለእርሳቸው ቤት እንደ መጥረግ ያለ ነገር ስለነበር፣ «ተው» የሚላቸው ሰው ከየት ይምጣ?

በ2009 ዓ.ም. እጅ የሚያንቀጠቅጥ የነርቭ ሕመም ጀመራቸው። አንድ ደንበኛቸውን ጆሮው ላይ ጫር ካደረጉት በኋላ መቀሳቸውን ለወንድማቸው አስረክበው ቤት ዋሉ። ይህ ከሕመሙ ይልቅ ጎዳቸው። ሐረጓ እንደልቧ ስትንዘላዘል ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ይነጫነጩ ነበር፤ «ቁረጪልኝ» ቢሉም ባለቤታቸው እርሳቸውን ከማስታመም ጊዜ አላገኙም። ያ ራቁት ጫፍ ቅጠል አወጣ፤ በ2012 ዓ.ም. አበበ። አበባው ረግፎ ጉቶው ሲቀር «ኧረ እሱን እንኳን አንሱልኝ» አሉ፤ አሁንም ሰሚ አጡ። በዓመቱ ባለቤታቸው መጋረጃውን ሲገልጡ፣ አዲሱ እምቡጥ ከዚያው ከደረቀው ጉቶ ላይ ወጥቶ ተገኘ።

«ለካ አበባዋ የሚመለሰው እዚሁ ላይ ኖሯል» አሉ ባለቤታቸው።

ጋሼ ልኩ ጉቶውን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ «ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ምነው አልነገርሽኝም?» አሉ።

«እኔስ መች አወቅሁ። ባሌ ንጹሕ ነው እያልኩ ለሰው ሳወራ ነው የኖርኩት።»

የፈረሰው ግድግዳ፣ የተኳረፉት ጎረቤት፣ ከሁሉም በላይ ባለቤታቸው ከእናታቸው ማስታወሻ ያጡት ደስታ፣ ሁሉም የገዛ እጃቸው ሥራ መሆኑ ጋሼ ልኩን አንገበገባቸው። ልጃቸው ልታጽናናቸው ብትሞክር «ዝም በይ፣ አትደልዪኝ» ብለዋታል። እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የሐረጓ ዘበኛ ሆኑ፤ መርፌ ልትወጋቸው የመጣች ነርስ መስኮቱን ልትከፍት ጠጋ ብትል እንኳ ይቆጧት ነበር።

ጋሼ ልኩ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በኋላ ሳንባ ምች ስለተጨመረባቸው ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። የአንድ ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት፣ የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ባለቤታቸውን፣ ታላቅ እህታቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል።

ባረፉ ዕለት ቤቱ ለለቅሶተኛ ሲሰናዳ፣ የወንድማቸው ዓይን በደረቁ ጉቶ ላይ ወደቀ። እርሳቸውም ያው የጋሼ ልኩ ተማሪ ናቸውና፣ እንባቸውን እየጠረጉ ከደረት ኪሳቸው የጋሼ ልኩን መቀስ አወጡ። የጋሼ ልኩ ባለቤት ተነሥተው የወንድምየውን እጅ ያዙ። «ተዋት፤ እሱም ትቷት ነበር» አሉ። ማልቀስ የጀመሩት ያኔ ነው።

ስለዚህ ከቀብር መልስ ወደ ቤት የምትመጡ ሁሉ፣ በሰፊው መስኮት ላይ የምታዩዋት ሐረግ ያልተስተካከለች ብትመስላችሁም እንዳትነኩብን ቤተሰቡ በትሕትና ይለምናል። ለጋሼ ልኩ ነፍስ ዕረፍትን፣ ለባለቤታቸው ጽናትን፣ ለእጃችን ሁሉ ትዕግሥትን ፈጣሪ ይስጥልን።