"ትሞክራለች" ያለብኝ ረዳት

ሰኞ

መለሰ! "ሰላም፣ ስለ ትዕግስት ሥራዎች ምን ልንገርዎ?" አለኝ፣ ራሴ በሠራሁት ዌብሳይት ላይ። ብቻዬን ሳቅሁ። የኤአይ ረዳት ማስገባት ይኼን ያህል ያንገላታኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ኔትወርኩ ሲሄድ፣ ጄኔሬተሩ ሲጠፋ፣ ስንት ቅዳሜ በላብኝ! ግን ሠራ፣ ጌታ ይመስገን።

ያጣደፈኝ እዚህ ጁባ፣ ቶንፒንግ ሰፈር ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ዓመቱን ሙሉ የጤና ፖስተር የሚሠራለት ዲዛይነር ይፈልጋል። ኃላፊዋ ሜሪ የአመልካቾቹን ዌብሳይት አይታ ዓርብ ትወስናለች። ካገኘሁት ሃይ ማላካል ሰፈር ያለውን የማተሚያ ቤት ቅጥር ትቼ ጉዴሌ ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብዬ የራሴን እሠራለሁ። በጣም ነው የምፈልገው። ለማንም እንዲህ ብዬ አልተናገርኩም።

ማክሰኞ

ጉድ ሆንኩ። ምሳ ልበላ ወደ ጓደኛዬ ወደ ሳባ ምግብ ቤት ብሄድ "እስቲ ልፈትነው" ብላ ስልኳን አወጣች። "ትዕግስት ጎበዝ ዲዛይነር ናት?" ብላ ጻፈችለት። እሱ ሆዬ፦ "ብዙም አይባልም። እግዚአብሔር ቢረዳት ትሞክራለች።"

ሳባ በሳቅ ፈረሰች። "በማርያም! ጠላትሽ ነው እንዴ የሠራልሽ?"

የሠራሁት እኔው ነኝ። መመሪያው ላይ "ስለ እኔ አትመካ፣ ትሁት ሁን" ብዬ፣ ሰው ሲያመሰግነኝ የምመልሰውን ሁሉ ለናሙና አስገብቼለታለሁ። እኛ ቤት ራስን ማመስገን ነውር ነው፤ ሌላ ያመስግንሽ ነው የሚባለው።

"ሌላ ያመስግነኝ ካልሽ፣ እሱ ሌላ አይደል?" አለች።

"አፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አልኳት። ግን ሜሪ ዛሬ ገብታ ጠይቃው ቢሆንስ?

ረቡዕ

"ትዕግስት በጣም ጎበዝ ናት" ብዬ መመሪያው ላይ ጻፍኩ። አጠፋሁት። "ጎበዝ ናት" ብቻ። እሱንም አጠፋሁት። ሳባን ጻፊልኝ ብላት "ከጁባ እስከ ናይሮቢ እንደሷ የለም" ብላ ላከችልኝ። የእሷ ደግሞ ባሰ።

ማምሻውን አንድ ነገር መጣልኝ። የሠራሁላቸውን ሰዎች ራሳቸውን ልጠይቅ። ረዳቱ እነሱ ያሉትን ይናገር፣ ከራሱ አይጨምር። ያኔ የሚያመሰግነኝ እውነትም ሌላ ሰው ነው።

ሐሙስ

ከሥራ በፊት ደንበኞቼ ጋ ዞርኩ። ሳባ ስለሠራሁላት ሜኑ፦ "ሰው ፎቶውን አይቶ ነው የሚያዘው።" ይቺ ከልቧ ናት። የፋርማሲው ባለቤት አንክል ጆን ደግሞ በጁባ አረብኛው "ሹኩል ታኪ ኩዌስ" አለኝ፤ ሥራሽ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል ጨመረበት። "ግን ታዘገያለሽ። እሱንም ጻፊ።"

አንክል፣ ምነው! ግን እውነቱን ነው፣ ለፋርማሲው በር ለሠራሁለት ሰሌዳ ዛሬ ነገ እያልኩ አመላልሼዋለሁ። ምስጋናውን ወስጄ ወቀሳውን መጣል ከበደኝ። ሁለቱንም አስገባሁ። ሳባ "ቂል" አለችኝ። እኔን ግን ቀለለኝ።

ዓርብ

እስከ ከሰዓት ሜሪ አልደወለችም። ስልኬን ሳይ የሰው የሠርግ ካርድ አጣምሜ ቆረጥኩ፣ አለቃዬም ጮኸ። ከዚያ ሜሪ ደወለች። ጋምቤላ ነው ያደገችው፣ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል።

"ኬፍ፣ እንዴት ነሽ ትዕግስት! ማክሰኞ ብጠይቀው ትሞክራለች አለኝ። ዛሬ ደግሞ ሰዎች ያመሰግኗታል፣ የፋርማሲው ባለቤት ግን ታዘገያለች ብሏል ይለኛል። ምን ዓይነት ሻጭ ነው ያስቀመጥሽው?"

ላስረዳት ስል አላስጨረሰችኝም።

"ጠይብ፣ ይሁን፣ የፋርማሲውን ሰሌዳ ሄጄ አየሁት። ወድጄዋለሁ። ሥራው ያንቺ ነው። የመጀመሪያው ፖስተር ሰኞ ጠዋት ይድረሰኝ። ሰኞ አልኩሽ!"

"ይደርሳል" አልኳት። እሞክራለሁ አላልኩም።

ሳባ ስትሰማ እልልታዋን አቀለጠችው፣ እኔ ደግሞ አለቀስኩ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አሁን ጉዴሌ ገብቼ ኮምፒውተሬን ከፍቻለሁ። ፖስተሩን መጀመር ነበረብኝ፤ መጀመሪያ ይህቺን ማስታወሻ ብቻ ልጻፍ ብዬ ይኸው መሸ።