ፈለቀ ሲመጣ እንዳይነሱ

ይድረስ ለምናፍቅዎት አባቴ ለኸይረዲን፤ አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የላክሁልዎት ቅባት ሙቀት ሰጠዎት ወይስ እማዬ እንደፈራችው ሽታው ብቻ ሆነ? ብርዱስ? እንሰቱን ውርጭ ነካው ሲሉ ሰምቼ ሐሳብ ገብቶኛል። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ እንዲያውም በዚህ ሰሞን ከሃያ አንድ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ጠግቤ ተኝቻለሁ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩዎት የፈለቀን ስም ባነሳሁ ቁጥር «ተወው ልጄ» ብለው ስለሚዘጉብኝ ነው። ወረቀት ግን አይዘጋም። ሰልሰቢል እህቴ፣ አንድም መስመር ሳትዘልዪ አንብቢላቸው፤ «ይብቃሽ» ቢሉሽም እንዳትሰሚ።

ቀይዋን መኪና አገኘኋት አባባ። ያችን ባለሁለት በር የጣሊያን ስፖርት መኪና፣ እርስዎን ከመርካቶ ያስወጣችዎትን። ባለቤቷ ባለሆቴሉ ሰውዬ ካረፉ በኋላ ልጃቸው ወይዘሮ ሎዛ ከሲኒማ ራስ ጀርባ ያለውን መጋዘን ስታስጠርግ በበርበሬ ጆንያ ተቀብራ ተገኘች። የማን ልጅ እንደሆንኩ ታውቃለችና «ካነሳህልኝ ያንተው ናት» አለችኝ። ኮፈኑን ስንከፍት ግቢው በሙሉ በማስነጠስ ታመሰ። ጎማዎቿ መሬት ላይ ተለጥፈዋል፣ ወለሏን ዝገት በልቶታል፣ ወንበሩ ውስጥ አይጥ ወልዳ ከብዳለች። አስጎትቼ ሶማሌ ተራ ወዳለችው ጋራዤ ወሰድኳት።

ስምንት ወር ፈጀችብኝ። ላሜራዋን ቆርጬ ቀየርኩ፣ ፍሬኗን እንደ አዲስ ሠራሁ፣ ሞተሯን አውርጄ በተንኩት። እርስዎ የነዳጅ መርጫ ፓምፑን አውጥተው ሁለት ካርቡሬተር ሊገጥሙላት የጀመሩትን ሥራ ካቆሙበት ቀጠልኩ። በልቤ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈለቀ ደጅ ወስጄ ጆሮው እስኪበሳ ላስጮህበት።

ሰልሰቢል ያኔ አልተወለደችምና ትስማ። ፈለቀ የጋራዣችን ጎረቤት፣ በቶርኖ ማሽን ብረት የሚቀርጽ ባለሙያ ነው። ጋሼ ማለቱን ከተውኩ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ካርቡሬተሮቹን ከሞተሩ ጋር የምታገናኘዋን የአሉሚኒየም ማያያዣ የቀረጸው እሱ ነበር። ሞተሩ እየተንገጫገጨ አልስብ ሲል ባለሆቴሉን «ኸይረዲን ከጣሊያን ያስመጡትን ካርቡሬተር ለራሱ አስቀርቶ ውዳቂ ገጠመልዎት» አላቸው። ሽማግሌዎች በሰብሳቢያቸው በጃፋር የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው «ቁርአን ይዞ ይማልና ነገሩ ይለቅ» አሉ። አባባ «ለብሎን ብዬ ቁርአን አልይዝም» አሉ። በሶማሌ ተራ ሰው ዘንድ አልምልም ያለ ጥፋቱን ያመነ ነው፤ በዚያው ሳምንት ደንበኛው ሁሉ ፊቱን አዞረ። የመፍቻ ሳጥኑን ጭነን ስንወጣ ፈለቀ በሩ ላይ ቆሞ ሻይ ይጠጣ ነበር። ያ ብርጭቆ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ ነው።

አሁን ሞተሩን ስፈታ ያች ማያያዣ እጄ ገባች። ጎኗ ላይ ፈለቀ በሠራው ዕቃ ሁሉ የሚያኖራት ምልክት፣ ሦስት ነጥብ፣ አለችባት። በአንድ ጫፏ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አለ፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ስንጥቁን ደግሞ አንድ ሰው በምስማር ጫፍ ከቦታል። የእርስዎ እጅ ነው፣ አላጣውም። ያውቁ ነበር ማለት ነው! ፈለቀ ቶርኖውን የከፈተው በዚያው ዓመት ስለነበር እንጀራውን ላለመዝጋት ዝም አሉለት። እሱ የእርስዎን ዘጋው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ያን ቀን በእርስዎም ተናድጄ ጋራዤን ዘግቼ ዋልኩ።

ሌላ ማያያዣ ሌላ ቦታ አስቀረጽኩ፤ ውዳቂ የተባሉትን እነዚያኑ ሁለት ካርቡሬተሮች አጥቤ ገጠምኩ። ባለፈው ሐሙስ ተራው ጢም ባለበት ሰዓት ፈለቀ በር ላይ አቁሜ ነዳጁን ረገጥኩት። ሰው ሥራውን እየጣለ ወጣ፤ ጃፋር ሳይቀር ምርኩዙን ይዞ መጣ። ፈለቀ ግን ቶርኖው ላይ እንዳጎነበሰ ነው። ደግሜ ረገጥኩ። ቀና አላለም። ለካ በደጁ አልፌ ስለማላውቅ አልሰማሁም እንጂ ሰውየው ጆሮው ደንቁሯል። ወሽመጤ ቁርጥ አለ።

ጃፋር ትከሻውን ነካ ሲያደርገው ቀና ብሎ ቀይዋን አየና ፊቱ አመድ መሰለ። ረጅሙን ካቻቢቴ አምጥቶ ጫፉን ሞተሩ ላይ አስደግፎ እጀታውን በጥርሱ ነከሰ። ጆሮው ከሄደ ወዲህ ሞተር የሚያዳምጠው እንደዚያ ነው አሉ፣ በአጥንቱ። ከዚያ ተጠጋኝና በሹክሹክታ የተናገረ መስሎት፣ የራሱን ድምፅ አይሰማምና ተራው በሙሉ እየሰማው፣ «ማያያዣዋን ቀይረሃታል። የእኔዋ አየር ታስገባ ነበር። አባትህ ንጹሕ ነው፣ ያኔም አውቅ ነበር» አለ።

ጃፋር አንገቱን ደፋ። እኔም አሮጌዋን ማያያዣ ከኪሴ አውጥቼ ሦስቱን ነጥብ ለሁሉም አዙሬ አሳየሁ። ፈለቀ ምን እንዳደረገ የገባው ያኔ ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ አባባ። አዝኖለት ይሆናል ብለው እንዳይጠብቁ፤ አላዘንኩም።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ ላከብኝ። ወራቤ ድረስ ሄዶ እግርዎ ላይ ሊወድቅ ይለምናል። እሺ ያልኩት በቀይዋ እንዲመጣ ነው፤ ከጎኔ ተቀምጦ፣ ማያያዣዋን ጭኑ ላይ ይዞ። እሑድ ከቀትር በፊት እንደርሳለን። ደብዳቤው እንዲቀድመን ነገ አገር ቤት በምትሄደው በአገራችን ልጅ በዱንያ እጅ ልኬዋለሁ።

ልመናዬ አንድ ነው። በሩ ላይ ሲደርስ አይነሱ። ጎረቤት ተሰብስቦ እየሰማ እሱ ያለውን ብሎ እስኪጨርስ «ተቀመጥ» የምትለዋን ቃል ይያዙልኝ። የፈለገውን ያህል ሽማግሌ ቢሆን ቆሞ ይናገር።

እማዬ ሰኪናን እጇን ሳሙልኝ፤ ክትፎ እንዳታሰናዳ፣ ውኃ ይበቃዋል። ሰልሰቢልን ስላነበበችልኝ አላህ ያክብርልኝ። አጎቴን ኢማንንና ቤቱን በሙሉ ሰላም በሉልኝ፤ እሑድ አንድም እንዳይቀር። እርስዎን ደግሞ አውቅዎታለሁ አባባ። የሞተሯን ድምፅ ገና ከመታጠፊያው እንደሰሙ ይነሳሉ። ቢነሱም ለቀይዋ ይነሱ፣ ለእሱ አይነሱ።

ልጅዎ ሙናዊር ኸይረዲን
አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.